ስክሪኑ ይጠየቅ

እኛ ቤት፣ ይፋግ፣ ከኋላው ሆዱ የወጣ ስክሪን ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። የልጅ ልጄ መብራት ባለ ቁጥር ዶስ ላይ፣ ተርቦ ፓስካል በሚባለው ቋንቋ ፕሮግራም ይጽፍበታል። በቅርቡ የቤተሰባችንን ሕፃናት የክትባት ቀጠሮ የሚያሳይ ዝርዝር ሠራ፤ በግራ ስም፣ በቀኝ ቀን።

ፊደሉ ለዓይኔ ስለ ደቀቀ በአንድ መስመር 80 ፊደል የሚይዘውን ስክሪን ወደ 40 ለወጠልኝ። ፊደሉ በእጥፍ ሰፋ። ዝርዝሩ ግን ለ80 የተጻፈ ነበርና ቀኑ አንድ መስመር ወርዶ ከሚቀጥለው ሕፃን ስም አናት ላይ ተቀመጠ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው ደግሞ በ15 ወር ነው የሚሰጠው። የአንዱ ቀን ለሌላው ከተነበበ አንዷ እናት በከንቱ ጤና ጣቢያ ትመላለሳለች፣ የሌላዋ ልጅ ቀጠሮ ያልፋል።

«እማማ፣ ለ40 እንደገና ልጻፈው?» አለኝ። ነገ ወንድምህ ወደ 80 ሲመልሰውስ? ለሕፃን ሽሮፕ የምንሰጠው መዝነን ነው እንጂ በግምት አይደለም። ስክሪኑም ይጠየቅ አልሁት።

አገላብጦ አገኘው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ካወጣው ኮምፒውተር ጀምሮ ማሽኑ የስክሪኑን ልክ ራሱ ይመዘግባል። በሜሞሪው 64ኛ ክፍል፣ 74 ቁጥር ቦታ ላይ በአንድ መስመር ስንት ፊደል እንደሚገባ ተቀምጧል። የመስመሮቹ ብዛት እዚያው 132 ቁጥር ላይ ነው፤ አንድ ተቀንሶለት ስለሚጻፍ 24 ከተገኘ መስመሩ 25 ነው ማለት ነው። ነገር ግን ኢጂኤ ከሚባለው የስክሪን ካርድ በፊት የነበሩት ማሽኖች ይህን ሁለተኛውን ቦታ አይሞሉትም። ስለዚህ ዜሮ ካገኘ 25 ብሎ ይይዛል። ሁልጊዜ 25 ነው ብሎ መዝጋትም አያዋጣም፤ ቪጂኤ ፊደሉን አሳጥሮ 50 መስመር ያወጣል፣ ለእኔ ዓይን ባይሆንም።

አሁን ፕሮግራሙ መጀመሪያ ልኩን ያያል። ስፋቱ ከ80 ካነሰ ቀኑን ከስሙ ሥር ገባ አድርጎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ሕፃን ሳይሻገር አንድ መስመር ባዶ ይተዋል። በሁለቱም ስፋት እያስቀያየርሁ ከክትባት ካርዶቹ ጋር አንድ በአንድ አስተያይቼዋለሁ። እናንተም ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሠርተው ሲያሳዩአችሁ ስክሪኑን አስቀይራችሁ እዩት። የእኛ ቤቱ የቀረው የስሞቹ ነገር ነው፤ ማሽኑ የግዕዝ ፊደል የለውምና ሁሉም በላቲን ነው የተጻፉት።