ፋይል ያለበት ፎልደር

ኮምፒዩተር የሚማሩ የናታንያ ልጆቻችን የሚናደዱበት ነገር አለ። «ጊት ክሎን» ባዶ ፎልደር ይቀበላል፤ ፋይል ካለበት ግን እምቢ ይላል። ልጁ ፎልደሩን ያጠፋዋል፣ የባግሩት ሥራውም አብሮ ይሄዳል።

ወላጆች፣ «ሁሉንም ላጥፋው» ሲል ከሰማችሁ «ቆይ፣ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጥ» በሉት። ይህን ለማለት ኮምፒዩተር ማወቅ አያስፈልግም።

ልጆች ደግሞ ከገለበጣችሁ በኋላ እዚያው ፎልደር ውስጥ «ጊት ኢኒት» በሉ፤ አድራሻውን በ«ጊት ሪሞት አድ ኦሪጂን» ስጡ፤ በ«ጊት ፌች» አምጡ፤ ከዚያ «ጊት ቼክአውት» ከቅርንጫፉ ስም ጋር። ስሙ አንድ፣ ይዘቱ የተለየ ፋይል ካገኘ እንደገና ይቆማል። አስገድደው የሚላችሁን ጓደኛ አትስሙ፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት፣ ያልመዘገበውን ፋይል መልሶ አያመጣም።