እንደ ማር የሚወርደውን ወይን ለልጅህ አታስቀምጥ

ጓደኛዬ ሴት ልጁን የወለደው በ2016 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈውም እሱ ነው።) ባለፈው ሰሞን በተወለደችበት ዓመት የተለቀመ የጣሊያን ቀይ ወይን ሁለት ጠርሙስ ገዛ። አንዱን ጠጣን። «እንደ ማር ይወርዳል!» አለ። ሁለተኛውን ሃያ ዓመት ሲሞላት እንከፍተዋለን ብሎ ኩሽና ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ ሰቀለው። «ዛሬውኑ እንጨርሰው» አልኩት። ተቀየመኝ። እስካሁን ስልኬን አያነሳም። ምናልባት ይሄን ቢያነብልኝ ብዬ ነው።

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ «ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል» የሚባለው ነገር ብዙ ሰው አክስሯል። በዓለም ላይ የሚጠመቀው አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ቢቆይ ይሞታል። ዕድሜ የሚሰጠው ኮምጣጣነቱና ታኒኑ ነው። ታኒን ማለት ከልክ በላይ የፈላ ሻይ ስትጠጡ ምላሳችሁንና ድዳችሁን የሚያደርቀው ነገር ነው። ስለዚህ ለሃያ ዓመት የሚቀመጥ ወይን በወጣትነቱ ብዙ ጊዜ ደስ አይልም። ገና ዛሬ እንደ ማር የሚወርደው ለነገ የተረፈው ነገር ትንሽ ነው።

የኔ ምርጫ ባሮሎ ነው። ከፒየሞንቴ፣ ኔቢዮሎ ከሚባል ወይን ብቻ የሚሠራ። ሕጉ ራሱ ከ38 ወር በፊት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ከዚያ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል ያሳልፋል። «ሪዘርቫ» የሚለው ቃል 62 ወር ቆይቷል ማለት ነው እንጂ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ለዚያ ቃል ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

እዚያ አገር በዚህ ጉዳይ ቤተሰብ ተጣልቷል። በ1983 ኤልዮ አልታሬ የሚባል ወጣት የአባቱን ትልልቅ አሮጌ በርሜሎች በሞተር መጋዝ ቆራርጦ፣ በምትካቸው 225 ሊትር የሚይዙ ትንንሽ የፈረንሳይ በርሜሎች አስገባ። አባትየው ከውርስ ነቀለው። አዲሱ ትንሽ በርሜል ወይኑን ቶሎ ያለሰልሰዋል፣ የቫኒላ ጣዕም ይሰጠዋል። በሌላው ወገን ባርቶሎ ማስካሬሎ ነበር፤ በ2005 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ትንሹን በርሜል አላስገባም። ጠርሙሱ ላይ በገዛ እጁ «ትንሽ በርሜል አንፈልግም፣ ቤርሉስኮኒንም አንፈልግም» የሚል ምልክት ሥሎ ነበር። (ቤርሉስኮኒን ምን አገባው አትበሉ፤ ሰውየው እንደዚያ ነበር።)

እውነት ለመናገር አልታሬ ብዙ ነገር ላይ ትክክል ነበር። አንዳንዱ አሮጌ በርሜል ቆሻሻ ነበር፤ የወይን ፍሬውን ቀንሶ ጥራቱን መጨመርም ደግ ሥራ ነው። ለሃያ ዓመት ግን እኔ ከማስካሬሎ ጋር ነኝ። ቫኒላ የምፈልግ ከሆነ አይስክሬም አለ።

«ሳሲካያስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሳሲካያ ይቆያል፣ አልክድም። ግን በአብዛኛው ካበርኔ ሶቪኞ ነው፣ የፈረንሳይ ወይን ፍሬ። ጣሊያንን ፈልጎ እሱን መግዛት ጅማ ድረስ ሄዶ ኔስካፌ እንደ ማዘዝ ነው።

የወር ደመወዝ የሚበላ ጠርሙስ ነውና ሻጩን ጠይቁት። ከሴራሉንጋ ነው ወይ? የሴራሉንጋ ባሮሎ ጠንካራና ዘግይቶ የሚደርስ ነው፤ የላ ሞራው ለስለስ ብሎ ቀድሞ ይደርሳል። በትልቅ በርሜል ነው ወይ የቆየው? ዓመቱስ? 2010 እና 2016 ግሩም ነበሩ፤ 2014 ዝናብ የበዛበት፣ 2017 ሙቀትና ድርቅ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ጠርሙሱ እስከዛሬ የት ነበር? መስታወት ውስጥ ፀሐይ እየሞቀ የቆመ ከሆነ የፈለገውን ቢቀንስላችሁ ጥላችሁ ውጡ።

ቤት ስታደርሱት ከ12 እስከ 14 ዲግሪ የሆነ፣ ጨለማ፣ የማይነቃነቅ ቦታ ፈልጉለት። ቡሹ እንዳይደርቅ አጋድሙት። አዲስ አበባ ለወይን ጨካኝ ከተማ አይደለችም፤ ጨካኙ ምድጃው ነው። ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው አቁሙት፣ አተላው እንዲዘቅጥ።

ወዳጄ፣ ዓመቱን አልተሳሳትክም፤ 2016 ለባሮሎም ድንቅ ዓመት ነው፣ ልጅህ በ2036 ትጠጣዋለች። የተሰቀለችውን ጠርሙስ ግን አውርዳት። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ቡሽ መንቀያውን እኔ ይዣለሁ።