ዋጋውን ንገሩን እንጂ!

እኔ የምለው... ይህቺን «ለዋጋው በውስጥ መስመር ያናግሩን» የምትባል ነገር ማን ነው ያመጣብን? ቴሌግራም ብትከፍቱ እሷ፣ ቲክቶክ ብትከፍቱ እሷ። ጫማው ከአምስት አቅጣጫ ፎቶ ተነስቷል። ቁጥሩ ከ37 እስከ 43 እንዳለ ተጽፏል። ሕንፃው፣ ፎቁ፣ የሱቅ ቁጥሩ፣ ሦስት ስልክ፣ «ያሉበት ድረስ እናደርሳለን» የሚለው ሁሉ አለ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገዢ መጀመሪያ የሚፈልገው። አንዱ ምስኪን ከሥር «ዋጋ?» ብሎ ይጽፋል። «ኢንቦክስ አድርገናል ውዴ» ይባላል። ምን ያለ ምስጢር ቢሆን ነው ጎበዝ?

ይህን ያነሳሁት ለመቀለድ ብቻ አይደለም። በየኮንዶሚኒየሙ ኬክ የሚጋግሩ፣ ሽሮ ሜዳ ቀሚስ አሰፍተው የሚሸጡ፣ ከመርካቶ ያመጡትን ጫማ በስልካቸው የሚነግዱ የእኛ ዕድሜ ልጆች ብዙ ናቸው። ደመወዝ አልበቃ ሲል ወይም ሥራ ሲጠፋ የተጀመረ ንግድ ነው። የእናት ቁጠባ፣ የዕቁብ ብር አለበት። ከወደቀ የሚወድቀው ንግዱ ብቻ አይደለም። ታዲያ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሁሉም ወደ ማስታወቂያ ይሮጣል። ለታወቀ ቲክቶከር ይከፈላል፣ «ሼር ላደረገ ሽልማት» ይባላል፣ «ታላቅ ቅናሽ» ይለጠፋል። እኔ ግን እላለሁ፦ በዚህ ጊዜ ለትንሽ ነጋዴ ትልቁ ማስታወቂያ ዋጋን ፊት ለፊት መጻፍ ነው። ያውም በነፃ!

ለምን መሰላችሁ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ያኔ ገዢ ያጣው የብሩን አቅም ብቻ አይደለም፤ ግምቱንም ነው። ድሮ ጫማ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ዋጋውን በልቡ ይዞ ነበር የሚወጣው። «ከዚህ በላይ ካሉኝ ጥዬ እሄዳለሁ» ይላል። አሁን በልቡ የያዘው ቁጥር ያለፈው ወር ይሁን ያለፈው ዓመት፣ እሱም አያውቀውም።

እንዲህ ያለው ሰው ዋጋ መጠየቅ ይፈራል። እውነቱን እንነጋገር፤ ዋጋ ጠይቆ «ይቅርብኝ» ማለት ያሳፍራል። ሱቅ ውስጥ ቢሆን «ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» ብሎ ይወጣል። በውስጥ መስመር ግን ከሻጩ ጋር አንድ ለአንድ ነው፣ ስሙም ፎቶውም እዚያው አለ። ስለዚህ ዝም ብሎ ያልፋል። ሻጩ ደግሞ ዝም ብለው ያለፉትን አያያቸውም። «ገበያ የለም» ይላል። ገበያውማ መጥቶ ነበር፤ በሩ ተዘግቶ አግኝቶት ተመለሰ እንጂ።

ሌላው ጥርጣሬ ነው። ገዢው «ፎቶዬን አይቶ ነው ዋጋ የሚቆርጥልኝ» ብሎ ያስባል። በ+1 በሚጀምር ስልክ ከአሜሪካ ለእናቱ ስጦታ የሚያዝዝ ሰውማ ምን እንደሚያስብ አትጠይቁኝ። ምናልባት ሻጩ ንጹሕ ሰው ነው። ነገር ግን የተደበቀ ዋጋ ንጹሑንም ያስጠረጥራል።

እስቲ ደግሞ ሒሳብ እንሥራ። እንበል በቀን 40 ሰው «ዋጋ ስንት ነው?» አለ። ለእያንዳንዱ መልስ መስጠቱ፣ ሰላምታው፣ «እሺ አስብበታለሁ» የሚለውን መጠበቁ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ 200 ደቂቃ ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ! የገዙት ሦስት ሰዎች ቢሆኑ፣ በቀሩት 37 ላይ የጠፋው ጊዜ ስንት ኬክ ይጋግር ነበር?

«ዋጋ በየቀኑ ይለዋወጣል፣ እንዴት ብዬ ልጻፍ?» የሚል አለ። ከነቀኑ ጻፈው ወንድሜ! «ይህ ዋጋ እስከ አርብ ነው» በል። እንዲያውም ገዢው ከመቼ በፊት መወሰን እንዳለበት ያውቃል። «ተፎካካሪዬ ያይብኛል» የሚልም አለ። ተፎካካሪህ እንደ ደንበኛ ሆኖ ኢንቦክስ ቢያደርግ ልታውቀው ነው? መርካቶ እኮ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡት ጎን ለጎን ተደርድረው፣ በተራ ተከፋፍለው ነው የሚኖሩት። አንዱ የሌላውን ዋጋ ያውቃል፤ ተራው ግን አልፈረሰም።

«ክርክር ባህላችን ነው» የሚለው ይሻላል፣ ግን እሱም አያስኬድም። ክርክር የሚያምረው ዕቃውን በእጅ ይዞ ነው። ገዢ ሄድ ሲል ሻጭ «ና እስቲ፣ የመጨረሻህን ንገረኝ» ብሎ ይጠራዋል። ስልክ ላይ የሄደን ሰው ማን ይጠራዋል? በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገህ፣ አበቃ።

እውነተኛው ፍርሃት አራተኛው ነው፤ ተቆጣጣሪና ግብር። ብሩ በተለቀቀ ሰሞን ያለአግባብ ዋጋ ጨምራችኋል ተብለው የታሸጉ ሱቆች ዜና ሁላችንም ሰምተናል። የፈራ ሰው አይፈረድበትም። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ አዟል። ገንዘቡ ደግሞ በቴሌብርና በባንክ ነው የሚገባው፤ ዱካው እዚያው አለ። ስለዚህ የደበቅነው ከመንግሥት አይደለም፤ ከገዢ ብቻ ነው።

ጆን ዋናሜከር የሚባል አሜሪካዊ በ1861 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ላይ የልብስ ሱቅ ከፈተ። በዚያው ሳምንት የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ጀመረ። ከዚያ የባሰ ጊዜ ይመጣል? ይህ ሰው ለሁሉም አንድ ዋጋ በመለጠፍና ዕቃውን ያልወደደ ገንዘቡን እንዲቀበል በማድረግ ስሙ ተነሳ፤ ሱቁም ከአሜሪካ ታላላቅ መደብሮች አንዱ ሆነ። እኛ ዘንድስ? ጠላ ሻጯ እናታችን ጣሳ በእንጨት ላይ ደፍታ በሯ ላይ ትሰቅላለች። ምን እንዳለ ያየ ሁሉ ያውቃል፤ ዋጋውንም ሰፈሩ ያውቃል። ጠጪው ኪሱን ዳስሶ ነው የሚገባው፣ አፍሮ አይወጣም።

ዋጋ መጻፍ ማለት ግን ርካሽ መሸጥ ማለት አይደለም። ውድ ከሆነ ውድ ነው ብለህ ጻፍ፤ ለምን እንደሆነም በአንድ መስመር ጨምርበት። «ዱቄትና ዘይት ስለጨመረ ከሰኞ ጀምሮ ኬኩ 200 ብር ይጨምራል» የምትል ልጅ ነባር ደንበኞቿ ከሰኞ በፊት ያዝዛሉ፤ ከሰኞ በኋላም አይቀየሟትም። የሚያስቀይመው ዳቦው ዋጋው እንዳለ ሆኖ እየሟሸሸ ሲሄድ ነው። ማሳነስ ካለብህ አሳንሰህ፣ «ትንሹ በዚህ፣ ትልቁ በዚህ» ብለህ ሁለት ዋጋ ጻፍ። አቅም ያጠረው ደንበኛ ትንሹን ይዞ ይቆይሃል።

ነገ ብር ምን እንደሚሆን እኔም እናንተም አንወስንም። ገዢ ግን ሁሉም ነገር በሚዋዥቅበት ጊዜ አንድ የማይዋዥቅ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው የሆነ ነጋዴ ቀኑ ሲያልፍ ደንበኛ ይተርፈዋል። እስቲ ዛሬ ማታ ከምትለጥፉት ፎቶ ሥር አንዲት ቁጥር ጨምሩበት።

ቸር ያገበያየን!