ሃያ ጊዜ ያነሰው መድፍ

ባሕር አይታችሁ ታውቃላችሁን? እኔ አላየሁም፤ የማስተምራቸውም ልጆች አላዩም። ከተማችን ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በላስታ ተራሮች መካከል የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ ከውሃ ወገን የምናውቀው የክረምቱን ጎርፍና ወረፋ የሚጠበቅበትን ቧንቧ ነው። እንግዲህ ዘንድሮ ከ12 ተማሪዎች ጋር ሆኜ የጦር መርከብ መድፍ ስሠራ መሰንበቴን የሰማ ሰው ቢስቅብኝ አልፈርድበትም።

ነገሩ የተጀመረው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ስለ ልኬታ ሳስተምር፥ በካርታ ላይ ያለች አንዲት ጣት በምድር ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሆን ብጠይቅ ክፍሉ ሁሉ ዝም አለ። ልጆቹ ቀመሩን በቃላቸው ይወጡታል፤ ነገር ግን አያምኑትም። በማግሥቱ «ኢትዮጵያ» የተባለችውን መርከብ ፎቶግራፍ ይዤ ገባሁ።

ይህች መርከብ በአሜሪካን አገር ለባሕር አውሮፕላኖች መርጃ ተብላ የተሠራች ስትሆን፥ የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባሕር ኃይል ተዛውራ ከመርከቦቻችን ሁሉ ትልቋ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ተሻገረች፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን አገራችን ወደብ አልባ ሆና ቀረች። ስለዚህ ልጆቹ ያዩት ፎቶግራፍ ዛሬ በየትኛውም ባሕር ላይ የማትገኝ መርከብ ነው።

«ከሃያ አንድ እጅ አድርገን እንሥራት» አሉ። የመርከቢቱ ርዝመት ወደ 95 ሜትር ስለሚጠጋ፥ ለሃያ ስናካፍለው 4 ሜትር ከ70 ሳንቲም ገደማ ሆነ፤ በክፍላችን ውስጥ ማስቀመጫ አይገኝለትም። ከዚህ የተነሣ በፊቷ በኩል የቆመውን ትልቁን መድፍ ብቻ መረጥን።

የመድፉ አፍ ስፋት 127 ሚሊ ሜትር ነው። የአፈሙዙ ርዝመት የዚህ 38 እጥፍ፥ ይኸውም 4 ሜትር ከ82 ሳንቲም ነው። ለሃያ ሲካፈል ርዝመቱ 24 ሳንቲም፥ የቀዳዳው ስፋት ከ6 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ይሆናል፤ እርሳስ እንኳ አያስገባም። አፈሙዙን ከወይራ እንጨት ጠረብነው። በጋለ ሽቦ ስንበሳው የመጀመሪያው ተሰነጠቀ፥ ሁለተኛው ጠመመ፥ ሦስተኛው ሆነ። በዚህ ጊዜ አንዱ ተማሪ፥ ቤተ ጊዮርጊስን ከዓለት የፈለፈሉት ሰዎች ሁለተኛና ሦስተኛ ዓለት እንዳልነበራቸው አስታወሰን። ከዚያ በኋላ ስለ ወይራው ጥንካሬ ያጉረመረመ ሰው የለም።

እውነተኛው መድፍ በክብ መንገድ ላይ ይዞራል፤ የእኛው ከልጆች ጋሪ በወጣ ኩሽኔታ ላይ ይዞራል። እውነተኛው መርከብን ብቻ ሳይሆን አውሮፕላንንም እንዲመታ የታሰበ ስለ ሆነ እስከ 85 ዲግሪ፥ ማለትም ሰማይን ቀጥ ብሎ ሊያይ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቀና ይላል። ቀና የሚያደርገው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚገፋ ዘይት ነው። እኛ ግን መርፌ የሌላቸውን ሁለት ስሪንጆች በቀጭን ቱቦ አገናኝተን ውሃ ሞላንባቸው፤ አንዱን ሲጫኑት ሌላው መድፉን ያነሣዋል። በመጽሐፍ ሲነበብ እንቅልፍ የሚያመጣው የፓስካል ሕግ ልጆችን ከምሳ ሲያስቀር አየሁ። መድፉ ሲተኮስ አፈሙዙ 38 ሳንቲም ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ለዚህም የእስክሪብቶ ሞላ አበጀንለት፤ ሲገፉት ከ2 ሳንቲም ጥቂት ያነሰ ሸሽቶ ይመለሳል። መተኮስስ አይተኩስም፤ እንዳይተኩስም የቀዳዳውን ጀርባ በሙጫ ደፍነነዋል።

ከሁሉ የገረመን የጥይቱ ነገር ነው። እውነተኛው ጥይት 25 ኪሎ ይመዝናል። «የእኛውስ ስንት ይሁን?» ብዬ ሳልጨርስ «1 ኪሎ ከሩብ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ተሳስተዋል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ተሳስቻለሁ። ጥይቱ በቁመቱ ብቻ ሳይሆን በወርዱም በውፍረቱም ከሃያ አንድ እጅ ሆኗል። ሃያ በሃያ 400፥ እርሱም በሃያ 8,000 ነውና 25,000 ግራም ለ8,000 ሲካፈል የሚተርፈን 3 ግራም ብቻ ነው። የምስማር ቁራጭ በወረቀትና በሙጫ ጠቅልለን፥ በወርቅ ሠሪ ሚዛን 3 ግራም እስኪሆን ድረስ ስናስተካክል ዋልን።

በዚህ መካከል የአፈሙዙ ሠሪ እናት ወደ ትምህርት ቤት መጡ። «መምህር፥ ልጄን ለትምህርት እንጂ ለመድፍ አልላክሁትም» አሉኝ። እኔም ስለ ልኬታ፥ ስለ ፓስካል ብዙ ተናገርሁ። ዝም ብለው ሰምተውኝ ሲያበቁ «የመድፍ ድምፅ ሰምተው ያውቃሉ?» አሉኝ። በ2013 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ተኩስ ተመልሶ መጥቷል። የላስታ ሰው ይህን ድምፅ ከመጽሐፍ አልተማረውም።

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ያን ሌሊት ሥራውን ላቁም ወይስ ልቀጥል እያልሁ ሳወጣና ሳወርድ አደርሁ። ሲነጋ ልጁን እናቱ ሳይፈቅዱ እንዳይነካው ነገርሁት፤ ለአንድ ሳምንትም ሁላችንም ተውነው። ደግመን ከመጀመራችን በፊት ግን እናቱን መጥተው እንዲያዩት ለመንኋቸው።

ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ገቡ። መድፉን ዞረው አዩት፤ አላደነቁትም። ልጃቸው ጥይቱን በመዳፋቸው ላይ አኖረላቸው።

«ይኸ ነው?»

«እማዬ፥ እውነተኛው 25 ኪሎ ነው።»

«ሩብ ኩንታል!» አሉ። ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክመው የሚመለሱ ሴት ናቸውና ሩብ ኩንታል ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኛ ሁሉ ይበልጥ ያውቃሉ። ልጁም ኩራት እየተሰማው በደቂቃ 15 ጊዜ እንደሚተኩስ፥ ሰዎቹ በደንብ የሠለጠኑ ከሆኑ ከ20 እንደሚበልጥ ነገራቸው።

«ታዲያ ሩብ ኩንታሉን በደቂቃ 15 ጊዜ የሚያነሣው ማነው?»

ስለ አፈሙዝ፥ ስለ ዘይት፥ ስለ ሞላ ስንጨነቅ ሰዎቹን ረስተናቸው ኖሯል። እርግጥ ጥይቱን ከመርከቡ ሆድ ወደ ላይ የሚያወጣው መሣሪያ ነው፤ ወደ መድፉ ውስጥ የሚገፋውም መሣሪያ ነው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ብድግ አድርጎ በመጫኛው ላይ የሚያስተኛው ሰው ነው። ባሩዱ ያለበት ቀለህ ለብቻው ስለሚጫን ለእርሱም ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በማዕበል በምትወዛወዝ መርከብ ላይ ነው።

የታሪክ አስተማሪ ባልሆንም በዚያች ሰዓት ሴባስቶፖል ትዝ አለኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ይህ መድፍ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ሲሆን፥ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት፥ ዳገት ቁልቁለቱን በሰው ክንድ እየተጎተተ፥ ወደ ስድስት ወር በሚጠጋ ጉዞ እኛው ወሎ መቅደላ ላይ ደርሷል። የንጉሡንም የመድፉንም ስም ተማሪዎቼ ሁሉ ያውቃሉ። ገመዱን ስለ ያዙት ሰዎች ግን ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

ሴትዮዋ ፈቀዱ ብዬ አልዋሽም። «እንግዲያስ ሰዎቹንም ሥሯቸው» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ እኛ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው። 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ሰው ለሃያ ሲካፈል 8 ሳንቲም ተኩል ይሆናል። ልጁ እስካሁን አራቱን ከጽድ እንጨት ጠርቦ ጨርሷል። ጥይት አንሺውን ግን ሁለት ጊዜ ሠርቶ ሁለት ጊዜ ጣለው፤ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሎ እየቆመ አስቸገረው። ትናንት ሦስተኛውን አመጣልኝ። ወገቡ ጎብጧል፥ ጉልበቱ ታጥፏል፥ አንገቱ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል።

«እማዬ ከወፍጮ ቤት ስትመጣ አይቼ ነው» አለኝ።