ሕሙማነ አእምሮና የጌል ቤተ ሰቦች

ከአንትወርፕ በስተ ምሥራቅ ጌል የምትባል አነስተኛ የቤልጅየም ከተማ አለች። በዚያች ከተማ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ ልማድ መሠረት፣ አእምሮው የታወከ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ነዋሪው በቤቱ ተቀብሎ፣ ከማዕዱ አካፍሎ ያኖረዋል፤ ቀድሞም ገበሬው እንደ ጉልበቱ በእርሻው ያሠራው ነበር፤ በመጀመሪያ የተቀበሉት ባልና ሚስት ቢሞቱም ከልጆቻቸው ጋር ኑሮውን የቀጠለ ሕመምተኛ ብዙ ነው።

የልማዱ ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ናት። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ7ኛው ምዕተ ዓመት ዲምፍና የምትባል የአየርላንድ ንጉሥ ልጅ፣ ሚስቱ ስለ ሞተችበት ከኀዘን ብዛት አእምሮውን የሳተው አባቷ ሊያገባት በፈለገ ጊዜ፣ ከንስሐ አባቷ ጋር ሸሽታ ጌል ደረሰች፤ አባቷም ተከታትሎ ደርሶ በዚያ ገደላት። ከዚህ የተነሣ የሕሙማነ አእምሮ አማላጅ ሆና ስለ ከበረች፣ ደዌው የጸናባቸው ሰዎች ከየአገሩ እየመጡ ዘጠኝ ቀን በጸሎት ተወስነው ይሰነብቱ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የተሠራው ማረፊያ ለሁሉ ስላልበቃ ምእመናኑ እንግዶቹን በየቤታቸው ተቀበሉ፤ በዘጠኙ ቀን ያልዳነውም ተባርሮ አልሄደም፤ በዚያው ቤተኛ ሆኖ ቀረ።

በለንደን ግን እስከ 1770 ዓ.ም. ድረስ (ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሕዝቡ ቤትለም ወደሚባለው ሆስፒታል እየገባ እብዶችን እንደ ትርኢት ይመለከት ነበር። ሁለቱም አገሮች ክርስቲያን፣ ሁለቱም ስለ ደዌው ያላቸው ዕውቀት ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ አንዱ በሕመምተኛው ሲሣለቅ ሌላው ከልጆቹ ጋር ማስቀመጡን ሳስብ፣ ለበሽተኛ ክብር ለመስጠት የግድ የበሽታውን ምሥጢር መመርመር እንደማያስፈልግ እረዳለሁ።

ይሁን እንጂ ጌልን ያለ ነቀፋ ማመስገን እውነትን መበደል ነው። በጥንቱ ዘመን አስቸጋሪ ነው የተባለው ሕመምተኛ እግሩ በሰንሰለት ይታሰር ነበር። ነገሩ የተስተካከለው በ1850 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መንግሥት ሥራውን በኃላፊነት ከተረከበ፣ ሐኪሞችም በየቤቱ እየዞሩ መመርመር ከጀመሩ በኋላ ነው። በ1938 ዓ.ም. በከተማይቱ ቤተ ሰቦች ዘንድ የሚኖሩት ሕሙማን ከ3,700 በላይ ነበሩ። ናይጄሪያዊው የአእምሮ ሐኪም ቶማስ አዴዮዬ ላምቦም በ1954 ዓ.ም. በአቤኦኩታ አጠገብ በአሮ በጀመረው ሥራ፣ ሕሙማኑ ከዘመዶቻቸው ጋር በመንደር እየኖሩ ሆስፒታል እንዲታከሙ አድርጓል፤ የአገሩንም ባህላዊ ሐኪሞች ሳይንቅ አብሯቸው ሠርቷል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት በአገራችን ጸበልና መድኃኒት እንደ ባላጋራ ተቆጥረው የሚደረገው ክርክር ስለሚያሳዝነኝ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለረዥም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ በኖረበት ጊዜ፣ ከሕሙማን እጅግ የሚበዙትን የተሸከሙት ጸበሉና ቤተ ሰቡ ናቸው። ልጇን ይዛ በጸበሉ አካባቢ ቤት ተከራይታ የምትሰነብት እናት፣ የጌል ሰዎች የሠሩትን ያንኑ ምግባር ትሠራለች፤ እርሷን አላዋቂ እያሉ መዝለፍ ታላቅ በደል ነው። ነገር ግን የታመመውን በሰንሰለት ማሰርና ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን ማስጣል የሃይማኖት ትእዛዝ አይደለም፤ ክኒኑን እየዋጠ ቢጠመቅም እምነቱ አይጎድልበትም። ካህኑ ይህን በዐውደ ምሕረት ቢናገር ከብዙ ሐኪሞች ቃል ይልቅ ይሰማል።

አንድ ነገር ደግሞ ሲዘነጋ አያለሁ። የጌል ቤተ ሰቦች ሕሙማኑን ሲያኖሩ ለምግባቸውና ለልብሳቸው የሚውል ገንዘብ ከመንግሥት ይቀበላሉ፤ ሐኪምና አስታማሚም ይጎበኛቸዋል። ርኅራኄአቸው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ረዳት ባያገኝ ኖሮ በድካምና በድህነት ባለቀ ነበር። የኛዋ እናት የቤት ኪራዩን፣ የመጓጓዣውንና የመድኃኒቱን ዋጋ የምትከፍለው ጥሪቷን እየሸጠች ነው። የመንግሥት ጤና ጽሕፈት ቤቶችና ቤተ ክህነት ተስማምተው፣ ሕሙማን በሚበዙበት ጸበል ሁሉ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ ቢመድቡ፣ መድኃኒቱን በነጻ ቢያድሉ፣ ለአስታማሚውም ጥቂት ድጎማ ቢቈርጡ፣ ወጪው አዲስ ሆስፒታል ከመሥራት የሚያንስ ይመስለኛል፤ ለዚያች እናት ግን ቀሪውን ጥሪቷን ያተርፍላታል።