ሳጥኑ ሙሉ፣ ዋናው መሣሪያ የለም
ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣው መንገድ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ ያደርሳል፤ እዚያ ታይሚንግ ቺንጋ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ሊላተሙ ይችላሉ፣ ጋራዥ ደግሞ የለም። የሮቤ ባለመኪና ቺንጋውን በጊዜ፣ በገዛ ግቢው ልቀይር ቢል አያስነቅፈውም። የሚያስነቅፈው የመሣሪያ አመራረጡ ነው፦ የሚያብረቀርቅ የቁልፍ ሳጥን ይገዛና ቶርክ ሬንቹን «ውድ ነው» ብሎ ይተወዋል። የላንድክሩዘርን 1ኤችዜድ ናፍታ ሞተር እንይ፤ ቶዮታ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር የሚለው ቺንጋ የኢንጀክሽን ፓምፑንና የካምሻፍቱን ፑሊ ብቻ ስለሚያገናኝ የክራንክ ፑሊ መንቀያ እንኳ አይጠይቅም። ጥቂት ደህና ቡሶላ፣ ረጅም እጀታና ያ የተናቀው ቶርክ ሬንች ሥራውን ይጨርሱታል። የፑሊዎቹ የታይሚንግ ምልክቶች ከገጠሙ በኋላም ክራንኩን በቁልፍ ሁለት ዙር አዙሮ እንደገና ማየት ነው፤ ሞተሪኖ መምታት ከዚያ ወዲያ።