ናን ሼፐርድ ዝም አላለችም

ስኮትላንዳዊቷ ገጣሚና ልብ ወለድ ደራሲ ናን ሼፐርድ ከ1928 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ሦስት ልብ ወለዶችና አንድ የግጥም መድበል አሳተመች። ቀጣዩ መጽሐፏ አንባቢ እጅ የገባው በ1977 ነው። ከአርባ ዓመት የበለጠውን ይህን ክፍተት ተሰጥኦዋ የመንጠፉ ምልክት አድርጎ መውሰድ ቀላል ነው። ነገር ግን ከሁሉም የሚልቀው ሥራዋ፣ ስለ ኬርንጎርም ተራሮች የሚያወሳው «ሕያው ተራራ»፣ የተጻፈው እዚያው ክፍተት ውስጥ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ ነው። ስለዚህ ያቆመችው ማሳተሙን እንጂ መጻፉን አልነበረም።

መጽሐፉ አሥራ ሁለት ምዕራፎች አሉት። ስለ ውኃ፣ ስለ ውርጭና በረዶ፣ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ሰው፣ ሌላው ቀርቶ ተራራው ላይ ስለ መተኛት እንኳ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። በብሪታንያ በከፍታ ሁለተኛ የሆነው ባለ 1,309 ሜትሩ ቤን ማክዱይ የሚገኘው በኬርንጎርም ውስጥ ነው፤ ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ጫፉን እንዴት እንደረገጠ በተረከ ነበር። እሷን የሳባት ግን የተራራው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው እውቀት ደግሞ በአንድ ጉብኝት አይገኝም። ሼፐርድ በአበርዲን አቅራቢያ በምትገኘው ከልትስ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዕድሜዋን ሙሉ ማለት በሚቻል ደረጃ በአንድ ቤት ኖራለች፤ እስከ 1956 ድረስም በመምህራን ማሠልጠኛ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለች። ደመወዝ ስለነበራት ነው የታገሠችው ቢባል እውነት ነው፤ በገበያ ፍላጎት ሳትገፋ ወደ አንድ ተራራ ደጋግማ እንድትመለስ ያስቻላትም ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሙግት አለ፦ ዝምታው ምርጫ ሳይሆን የአሳታሚዎች ፊት መንሣት ነው የሚል። ደራሲው ኒል ገን ረቂቁን አንብቦ ወደደው፤ አሳታሚ ማግኘት እንደሚከብዳት ግን አልሸሸገም። አንድ አሳታሚም በጨዋ ደብዳቤ መለሰላት። ከዚያ ጽሑፉ ለሠላሳ ዓመት ያህል መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። የሙግቱን ግማሽ እቀበላለሁ፤ በመካከሉ ሞታ ቢሆን መጽሐፉ አብሯት ሊቀር ይችል ነበር። ነገር ግን ሦስት ልብ ወለዶች ያሳተመች ሰው ገበያው የሚሻውን አራተኛ መጻፍ አያቅታትም፤ አልጻፈችም። እምቢታውም ቢሆን የጽሑፉን ዋጋ አልነካም። በ1977 እትም መግቢያዋ ላይ በእነዚያ ዓመታት ቡልዶዘሩና የበረዶ ሸርተቴው አካባቢውንና ተራራውን እንዴት እንደለወጡ ዘርዝራለች፤ ረቂቋን መልሳ ስታነበው ግን ከተራራው ጋር ስለነበራት ቅርበት የጻፈችው አሁንም እንደሚሠራ አመነች። ያኔ 84 ዓመቷ ነበር፤ በ1981 አረፈች። ዛሬ ስሟን የሚያነሳ ሰው በአብዛኛው የሚያነሳው በዚያ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ በጊዜው አሳታሚ ያገኙት ልብ ወለዶቿ እንደገና አንባቢ እንዲያገኙ የረዳቸውም እሱ ነው።